ከ137 ስም አንድ ፊርማ፦ የለጋሽ ፍለጋ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ድርጅታችን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ ይቀዳል። ደመወዝተኞቹ ሁለት ነን፣ እኔና ሒሳብ ሠራተኛዋ፤ አንባቢዎቹ በሙሉ በፈቃደኝነት ነው የሚመጡት። እስካሁን ያኖረን የአባላት መዋጮ ነው። አዲሱ ዕቅድ ግን በሁለት ዓመት 40 መጻሕፍት ስለሚል በመዋጮ የሚሆን አይደለም። ዛሬ ቦርዱ ተሰብስቦ ለጋሽ የመፈለጉን ሥራ እኔ ላይ ጣለው። ሰብሳቢያችን ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ዓለም ላይ ስንት ሀብታም አለ፤ አንድ አይጠፋም፣ አይዞህ» አሉኝ።

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለማወቅ ነው። ገንዘቡ ባይገኝ እንኳ ሰዓቱ የት እንደገባ ይታወቅ።

ረቡዕ

137 ስም ሰበሰብኩ። የሠራሁት ነገር ቢኖር «100 ትልልቅ ለጋሾች» የሚሉ ዝርዝሮችን እየከፈቱ ወደ ኤክሴል መገልበጥ ነው። ካርኔጊ (የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1911)፣ ሮክፌለር (1913)፣ ፎርድ (1936)፣ ዌልካም (1936)፣ ያልገባ ትልቅ ስም የለም። ማታ ሳየው ደስ አለኝ። ጠዋት ለሒሳብ ሠራተኛዋ ባሳያት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ከእነዚህ ውስጥ እኛን ለሚያህል ድርጅት ሰጥቶ የሚያውቅ የትኛው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። 9 ሰዓት።

ዓርብ

አንዱ ዝርዝር ላይ ኢሜይላችንን አስመዝግቤ ስለነበር ዛሬ «ተመርጣችኋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የፋውንዴሽኑ ስምም ከአንድ እውነተኛ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። ገንዘቡ እንዲለቀቅ በቅድሚያ «የማስፈጸሚያ ክፍያ» እንድንልክ ይጠይቃል። ሰብሳቢያችን ቅጂው ደርሷቸው ኖሮ በደስታ ደወሉልኝ። ገንዘብ ለመስጠት መጀመሪያ ገንዘብ የሚጠይቅ ለጋሽ ሌባ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እርሳቸው ስልኩን ሲዘጉም ሙሉ በሙሉ አላመኑም።

2ኛ ሳምንት

የዚህ ሳምንት ግኝት ሌላውን ሁሉ ቀይሮታል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤታቸው 990-ፒኤፍ የሚባል ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ ለሕዝብ ክፍት ነው። ለማን፣ ስንት፣ ለምን ዓላማ እንደሰጡ በስም ተዘርዝሮ ይገኝበታል። ካንዲድ የሚባለው ተቋም (እ.ኤ.አ. በ2019 ፋውንዴሽን ሴንተርና ጋይድስታር ተዋሕደው የተፈጠረው) ያሰባስባቸዋል፤ ፕሮፐብሊካ የሚባለው የጋዜጠኞች ድርጅት ደግሞ በነጻ የሚፈተሽበት ገጽ አለው። እነዚህ ፋውንዴሽኖች ከሀብታቸው በየዓመቱ 5 በመቶ ገደማ ማውጣት በሕግ ግዴታቸው ነው። እኔ እስካሁን የማስበው እንደ ምጽዋት ነበር፤ ሰውዬው ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ሳይለው አይሰጥም ብዬ። ለካ ገንዘቡ መውጣቱ አይቀርም። ቀሪው ነገር ወደ ማን የሚለው ነው።

ቅጹ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ከተደረገባት ፋውንዴሽኑ የሚሰጠው ራሱ አስቀድሞ ለመረጣቸው ድርጅቶች ብቻ ነው፤ ሳይጠይቅ የመጣለትን ማመልከቻ አይቀበልም ማለት ነው። ብዙዎቹ ድረ ገጽ ስለሌላቸው ይህን የምታውቀው ሳጥኗን ካየህ ብቻ ነው። ሳላይ ደብዳቤ ብጽፍ ኖሮ ስንት ወረቀት ባከነ!

ከሳጥኗ በታች ያለውን ሰንጠረዥ ማንበብም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንድ ፋውንዴሽን በራሱ ገጽ ላይ «ትምህርት ለተገፉ ልጆች» ይላል፤ ፎቶዎቹ ልብ ይነካሉ። የሦስት ዓመት ቅጹን አገላብጬ ባየው ከ34 ስጦታዎች 29ኙ የሄዱት ለሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሕንፃ ነው። ሌላው ደግሞ ገጹ ላይ ስለ አካል ጉዳት አንድ ቃል አይልም፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ግን በየዓመቱ ሦስት አራት ትንንሽ የብሬይልና የድምፅ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያውን አጠፋሁት፤ ሁለተኛውን በቢጫ ቀባሁት።

የእንግሊዝም ከዚህ አይተናነስም። የበጎ አድራጎት መዝገባቸው የድርጅቶቹን ዓመታዊ ሒሳብ አብሮ ያወጣል፤ 360ጊቪንግ የሚባለው ደግሞ ለጋሾች በፈቃዳቸው ያወጡትን የስጦታ ዝርዝር አንድ ላይ አድርጎ በቁልፍ ቃል ለመፈለግ ያስችላል። «ድምፅ መጽሐፍ» ብዬ በእንግሊዝኛ ብፈልግ ለጋሹም፣ ተቀባዩም፣ የገንዘቡም መጠን ተደርድሮ መጣ።

ከዚያ ነገሩን ከጭራው ያዝኩት። ለጋሽ መፈለጉን ትቼ እኛን የሚመስሉ፣ በሌላ አገር መጻሕፍት በድምፅ የሚቀዱ ድርጅቶችን ፈለግሁ። የእያንዳንዳቸውን ዓመታዊ ሪፖርት አወረድኩ፤ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን «እናመሰግናለን» ብቻ አነበብኩ። ከ19 ሪፖርቶች ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ የተጠቀሱ ስድስት ስሞች ተገኙ። ከስድስቱ አራቱ በ137ቱ ውስጥ አልነበሩም፤ ጨመርኳቸውና ዝርዝሩ 141 ሆነ።

ያልተሳካ፦ ባለሀብቶች አካውንት ከፍተው በየጊዜው «ለእገሌ ስጡልኝ» የሚሉባቸው የስጦታ ፈንዶች አሉ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቅጹ ላይ የሚታየው የፈንዱ ስም እንጂ የሰውዬው አይደለም። ግማሽ ቀን አንኳኳሁ፣ በሩን እንኳ አላገኘሁትም። 31 ሰዓት።

3ኛ ሳምንት

ማጥፋት፣ ማጥፋት፣ ማጥፋት። ሳይጠየቁ ማመልከቻ የማይቀበሉ፦ 43። በእኛ አካባቢ የማይሠሩ፦ 36። ትንሹ ስጦታቸው ከዓመታዊ በጀታችን ሦስት እጥፍ የሚበልጥ፦ 24። ጉዳያቸው ከእኛ የማይገናኝ፦ 20። የመንግሥታት የገንዘብ ማመልከቻ ገጾች፦ 7። የቀረው 11።

«በእኛ አካባቢ የማይሠሩ» ያልኳቸውን መጀመሪያ ታዝቤያቸው ነበር። በኋላ ምክንያቱ ገባኝ። የአሜሪካ ፋውንዴሽን ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ ተቀባዩ ከአገሬው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር አቻ መሆኑን በባለሙያ ማረጋገጥ አለበት፤ ካልሆነ ገንዘቡ የት እንደዋለ ራሱ እየተከታተለ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ያለው የቤተሰብ ፋውንዴሽን ይህን ጣጣ ከሚሸከም «አገር ውስጥ ብቻ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም።

የመንግሥታቱን ሰባት ማጥፋቱ ትንሽ ቆጨኝ። ለአሜሪካ ፌዴራል ገንዘብ ለማመልከት መጀመሪያ ሳም በሚባለው መዝገብ ገብቶ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ማውጣት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የወጪውን የተወሰነ ክፍል ራሳችሁ ቻሉ ይላሉ። ሁለት ሰው ለያዘ ቢሮ የሚሆን አይደለም፤ ሌላ ጊዜ።

4ኛ ሳምንት

ወረቀት ማሰባሰብ። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ (አልነበረንም፤ ጻፍነው፣ ቦርዱም አጸደቀው)።

ሁሉንም በአንድ ማኅደር አስገብቼ ጨረስኩ ስል ሒሳብ ሠራተኛዋ ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የድርጅታችን ስም በላቲን ፊደል ምዝገባው ላይ አንድ ዓይነት፣ ኦዲቱ ላይ ሌላ፣ ባንኩ ላይ ሌላ ተጽፏል። አንዱ «ኢ»ን በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ነው የጻፈው፤ ባንኩ ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል ቆርጧታል። ለእኛ ያው ነው። ከሩቅ ለሚያየን ግን ሦስት ድርጅት ነን፤ የሚላክልንም ገንዘብ በስም አለመገጣጠም ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ባንኩ የአካውንቱን ስም ለማስተካከል አሥራ አንድ ቀን ወሰደ፤ ኦዲተሩ ግን በማግስቱ አረመልን። ማመልከት ከማሰባችሁ በፊት ይህን እዩ፤ እኔ በአጋጣሚ ነው የተረፍኩት።

5ኛ ሳምንት

በጀት። ዕቅዳችን ላይ የአንድ መጽሐፍ ወጪ የተሰላው አንባቢው በሚያነብበት ሰዓት ነበር። ስቱዲዮ ገብቼ ከቀረጻ ባለሙያው ጎን በሰዓት ያዝኩ። አንድ ሰዓት ንጹሕ ድምፅ ለማውጣት ንባቡ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ምክንያቱም አንባቢው ይሳሳታል፣ ውኃ ይጠጣል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ከዚያ ማረሙ ሁለት ሰዓት። እኛ የጻፍነው አንድ ሰዓት ብቻ! ዕቅዱ ለሦስት ዓመት ከቦርድ ቦርድ ሲተላለፍ ይህን ያየ አልነበረም።

ሁለተኛው ክርክር የአስተዳደር ወጪ ነው። ሰብሳቢያችን፣ «የቢሮ ኪራይና ደመወዝ ካዩ ይሸሻሉ፤ አውጣው» አሉ። እኔም ለመደበቅ ዳድቶኝ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን፣ «ጋሼ፣ ኪራዩን ካልጻፍነው ማን ሊከፍለው ነው? እርስዎ?» አለቻቸው። ሳቁና ተውት። በኋላ ሳጣራ ለጋሾቹ ራሳቸው በዚህ አንድ አቋም የላቸውም። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በመጠኑ ላይ ከመንግሥት ጋር ድርድር ያላደረገ ድርጅት ቀጥተኛ ላልሆነ ወጪ (እንደ ኪራይና አስተዳደር ላለው) የሚይዘውን መጠን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ትብብር ስጦታዎች ጣሪያ 7 በመቶ ነው። እኛ 12 ጻፍን፤ ከሥሩም ምን ምን እንደያዘ በሁለት መስመር አብራራን።

6ኛ እና 7ኛ ሳምንት

ከ11ዱ ማብቂያ ቀናቸው ለቀረበ አራት ኮንሴፕት ኖት (የዕቅዱ አጭር መግለጫ) ተላከ። ስለ አጻጻፉ የማወራው ብዙ የለኝም። ሳጥኖቹ ፊደል የሚቆጥሩት ክፍት ቦታውንም ጨምረው ስለሆነ ሌላ ቦታ ጽፎ መለጠፍ ይሻላል። ማስገቢያው ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ገጹ ስለሚንቀራፈፍ ከሁለት ቀን በፊት ላኩ።

አንዱ ቅጽ ያልጠበቅነው ጥያቄ ነበረበት፦ «የደራሲ መብት ፈቃድ አላችሁ?» ደነገጥኩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 በማራኬሽ የተፈረመ፣ ከመስከረም 30 ቀን 2016 ጀምሮ የጸና ስምምነት አለ፤ በተቀበሉት አገሮች ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ መጽሐፍ ማዘጋጀት የባለመብቱን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቅጂውም በተፈቀደላቸው ድርጅቶች በኩል ድንበር ሊሻገር ይችላል። ሁለት አንቀጽ ጻፍኩ። ለአሥር ዓመት መጽሐፍ ስንቀዳ በየትኛው ሕግ እንደምንቀዳ ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው። 44 ሰዓት።

10ኛ ሳምንት

ዝምታ። ራሴን ለማጽናናት የይልድ ጊቪንግን ነገር አነበብኩ። ይህ የአሜሪካዊቷ ባለጸጋ የማኬንዚ ስኮት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካ ድርጅቶች ግልጽ ጥሪ አውጥቶ 6,353 ማመልከቻ መጣለት፤ በመጋቢት 2024 ለ361ዱ በድምሩ 640 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። መጀመሪያ የታሰበው 250 ድርጅት ነበር። ያም ሆኖ ከመቶ አመልካች ያገኙት ስድስት አይሞሉም። ይህን ለሰብሳቢያችን ነገርኳቸው፤ «ታዲያ እኛ አራት ብቻ ልከን ነው የምንጠብቀው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

12ኛ ሳምንት

ሁለት «አይሆንም» በአንድ ቀን፤ ቃላቸው አንድ ዓይነት፤ «ከፍተኛ ፉክክር ስለነበር»። ሦስተኛው ጨርሶ መልስ አልሰጠም። አራተኛው ግን ከጨዋው ውድቅ ማድረጊያ ደብዳቤ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮበታል። ምክንያቱን ጠይቄ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ይላል፦ ስንት መጽሐፍ እንደምትቀዱ ነግራችሁናል፤ ማን እንዴት እንደሚያዳምጠው ግን አልነገራችሁንም።

ተናደድኩ። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ናቸዋ የሚያዳምጡት፤ ሌላ ማን? ማታ ቤት ስገባ ግን ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አንድም ተማሪ መጽሐፋችንን ሲያዳምጥ ተቀምጬ አይቼ አላውቅም።

13ኛ ሳምንት

ለ12 ተማሪዎች አንድ የታሪክ መጽሐፍ በስልካቸው ጭነን፣ አንድ ከሰዓት አብረናቸው ቆየን። አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ድምፁ እንደ ጫጩት ነው የሚንጫጫው፤ ፍጥነቱን አንድ ከሦስት አራተኛ አድርጋዋለች። እኛ አንባቢ ስንመርጥ «ረጋ ብሎ የሚያነብ» ነበር መስፈርታችን! ከዚያ መምህሩ «ገጽ 84ን ክፈቱ» ቢል ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እየጎተተች ፈለገች። አራት ደቂቃ ሆናት። ስታገኘው፣ «እስከዚያ ክፍሉ ወደ ሌላ ገጽ ሄዷል» አለች፤ እንዲያው እንደ ቀላል ነገር።

የእኛ መጽሐፍ አንድ ረጅም የድምፅ ፋይል ነው። ዴዚ የሚባለው አሠራር በምዕራፍና በገጽ እየዘለሉ ለማዳመጥ ያስችላል፤ የሚያስፋፋው ማኅበርም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ። ስሙን እናውቀው ነበር፤ «በኋላ» ብለን ትተነው ነው።

በጀቱን እንደገና ሠራን። በአንድ ሰዓት ድምፅ ላይ የገጽ ምልክት ለማስገባት 40 ደቂቃ ተጨመረ። 40 መጽሐፍ የነበረው 26 ሆነ። ሰብሳቢያችን ቁጥሩ በማነሱ ቅር አላቸው። ውጤታችን የሚለካበትን አመላካችም ለወጥነው፤ «የተቀዱ መጻሕፍት ብዛት» የሚለው ሁለተኛ ሆነ፤ አንደኛው «ተማሪው የተጠራለትን ገጽ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያገኝባቸው መጻሕፍት» ሆነ።

15ኛ ሳምንት

ሁለተኛ ዙር፣ ሦስት ማመልከቻ። ከሦስቱ አንዱ «እናመሰግናለን» ገጾች ላይም ስሙ ያለው፣ ድረ ገጹ ላይ አንድ ገጽ ብቻ ያለው፣ በቢጫ የቀባሁት ነው። ከመላኬ በፊት አንድ አጭር ኢሜይል ጻፍኩላቸው፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ለድምፅ ሥራ የሰጣችሁት ትልቁ ይህን ያህል ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ብናመለክት ጊዜያችሁን እናባክናለን ወይ? በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ላኩ። የአራቱ ደቂቃ ታሪክ የማመልከቻው የመጀመሪያ አንቀጽ ሆነ። የልጅቷን ስምና ፎቶ አላስገባንም።

18ኛ ሳምንት

በቢጫ ከቀባሁት ፋውንዴሽን ደወሉ። የሚያናግሩን አንዲት ሴት ናቸው፤ ቢሮው ራሱ እርሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። የፈራሁት የአስተዳደር ወጪውን ነበር፤ አልጠየቁም። የጠየቁት፣ «ቀረጻ ባለሙያችሁ ሥራ ቢለቅስ?» ብለው ነው። እውነቱን ነገርኳቸው፦ የሚተካ የለንም። «እንግዲያው ሁለተኛ ሰው ማሠልጠኛ በጀት ላይ ጨምሩ» አሉ። ለጋሽ በጀት ጨምሩ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ጻፍኩ።

21ኛ ሳምንት

መልሱ መጣ፦ የጠየቅነውን 60 በመቶ። ሰብሳቢያችን፣ «ተቀበልና 26ቱንም እንሠራለን በል፤ እግዜር ያውቃል» አሉ። ለአንድ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ያደረግነው ማሠልጠኛውንና የገጽ ምልክቱን ሳንነካ መጻሕፍቱን ወደ 16 ዝቅ አድርጎ የተስተካከለ በጀት መላክ ነው። ሴትዮዋ በአንድ መስመር መለሱ፦ «ተስማምተናል»። ሁለተኛው ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል፣ ሦስተኛው ገና ነው።

23ኛ ሳምንት

ውሉ ተፈረመ። ግማሹ አሁን፣ 40 በመቶው ከስድስት ወር ሪፖርት በኋላ፣ 10 በመቶው ከማጠቃለያው ሪፖርት በኋላ። ገንዘቡ ሲገባ ከተላከው ጥቂት ጎድሎ አገኘነው፤ መሐል ላይ ያሉ ባንኮች ኮሚሽናቸውን ቆርጠዋል። ሒሳብ ሠራተኛዋ በበጀቱ ውስጥ «የባንክ ወጪ» የሚል መስመር ባለመኖሩ ሁለት ቀን አኩርፋብኛለች። ለሚቀጥለው ተመዝግቧል።

ሰዓቱን ደመርኩት፦ 286። ከዚህ ውስጥ ማመልከቻ የተጻፈበት 61 ነው። ሌላው ማንበብ፣ ማጥፋት፣ ስም ማስተካከልና ስቱዲዮ ውስጥ ሰዓት መያዝ ነው።

ያልተነኩት አራት ስሞች ዝርዝሩ ላይ አሉ፤ የአንዱ ጥሪ በሚመጣው ወር ይከፈታል። የስድስት ወሩን ሪፖርት ፋይል ዛሬ ከፍቼ አመላካቾቹን ገለበጥኩበት። ተማሪው የተጠራለትን ገጽ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያገኝባቸው መጻሕፍት፦ ዕቅድ 16፣ ክንውን 0።